ስለ ሽፈራው ያልነገርኩሽ

ውድ ሐረገወይን፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ «ምነው ስልክ ጠፋበት?» ማለትሽ አይቀርም። አልጠፋብኝም። ባለፈው ሳምንት ሁለት ጊዜ ደውዬ፣ ድምፅሽን ስሰማ ስለ ጉልበትሽና ስለ አየሩ አውርቼ ዘጋሁት። በስልክ የማይወጣ ነገር ነው። እባክሽ ተቀምጠሽ አንብቢው።

ነገሩ የተነሣው በኤዶም ነው። ልጄ ጫካ እንደምትወድ ታውቂያለሽ፤ ሁለት ዓመት ተምራ ዘንድሮ የአደን ፈቃድ ፈተናዋን አለፈች። «ፓፓ፣ ጠብመንጃ ስመርጥ አብረኸኝ ና። አንተ ታውቃለህ» አለችኝ። ማወቄን ያየችው ከፎቶ ነው። እኔና ወንድምሽ ሽፈራው፣ ሊሙ አገር፣ በአባትሽ የቡና እርሻ ውስጥ፣ የአባትሽን ጠብመንጃ መሃላችን አድርገን የተነሣነው። ከቃታው ሥር ያለውን ቀለበት ወደ ታች ገፍተሽ ስትመልሺው ጥይት የሚያጎርሰው፣ ያ ጠብመንጃ። «እንደዚህ ያለ ነው የምፈልገው፤ ለዒላማም ለአደንም» አለች።

ላለመሄድ ሦስት ጊዜ ምክንያት ፈጠርኩ። ጄኔቭ ሳለሁ ደስ ከሚሉኝ ነገሮች አንዱ በዚያ ክፍለ ሀገር፣ በካንቶኑ፣ አደን ክልክል መሆኑ ነበር። ለሥራ ብዬ ዙሪክ አጠገብ አድሊስቪል ስገባ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ከሸለቆው ማዶ የተኩስ ልምምድ ይሰማል። መስኮት እዘጋለሁ። ኤዶም ልጅ ሆና ለጓደኞቿ «አባቴ ብርድ አይችልም» ትላቸው ነበር።

ሌላም አለ። ጧት ጧት እዚህ ሲል በሚባለው ወንዝ ዳር ስሄድ ሽፈራውን አየዋለሁ። እንዳበድኩ አትቁጠሪኝ። ከፊቴ ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ፣ ያን ካኪ ኮቱን ለብሶ ይሄዳል። እኔ ሰባ ዓመት ሞላኝ፤ እሱ አሁንም አሥራ ዘጠኝ ነው። ስፈጥን ይፈጥናል፣ ስቆም ይቆማል፣ ፊቱን ግን አያዞርልኝም። ለሐኪም ነግሬው የእንቅልፍ ኪኒን ሰጠኝ። እኔ የማየው በጠራራ ፀሐይ ነው።

በመጨረሻ ዙሪክ አብሬያት ሄድኩ። ባለሱቁ ሽማግሌ ናቸው፣ ሦስት ጠብመንጃ ደረደሩልን። የመጀመሪያው ቀጭን ጥይት የሚጎርስ ነው። «ለቆርቆሮና ለወረቀት ዒላማ ይህ ይበቃል፤ ትከሻ አይመታም። ሚዳቋ ግን አይተኮስበትም፤ አቁስሎ ይለቀዋል» አሉ። ሁለተኛው ለአደን የሚሆን፣ አጠር ያለ፣ ጥቅጥቅ ባለ ጫካ ውስጥ የማያስቸግር ነው። ሦስተኛው አሮጌ ነው፤ ቁርጥ የአባትሽን ጠብመንጃ። ሰደፉ ላይ ያለው ጭረት ሳይቀር የማውቀው መሰለኝ። ኤዶም እሱን አነሣች።

«ቆንጆ ነው፤ ግን ሳይታሰብ እንዳይተኩስ የሚቆልፈው መጠበቂያ የለውም» አሉ ባለሱቁ። «ጎርሶ ሳትተኩሺ ከቀረሽ፣ ከኋላ የተነሣውን መዶሻ በአውራ ጣትሽ ይዘሽ፣ ቃታውን ስበሽ፣ ቀስ አድርገሽ ማውረድ አለብሽ። እጅ ከረጠበ ያንሸራትታል።»

ኤዶም ቀለበቱን ገፍታ መለሰችው። ያ ድምፅ! ከዚያ አውራ ጣቷን መዶሻው ላይ አደረገች። ባዶ ነበር፣ አፈሙዙም ወደ መሬት ነበር። እኔ ግን «ሽፈራው፣ ዞር በል!» ብዬ ጮህኩ።

ወንበር ሰጡኝ። ኤዶም እግሬ ሥር ቁጭ ብላ፣ «ፓፓ፣ ቫስ ኢሽ ሎስ? ምን ሆንክ? ሽፈራው የእታባ ሐረግ ወንድም ነው አይደል? ያ… ራሱን የገደለው?» አለችኝ።

«ራሱን አልገደለም» አልኳት።

ይህን ስል በሃምሳ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዬ ነው። አሁን ደግሞ ለአንቺ ልንገርሽ።

ጥቅምት 1966 ነበር። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ቅጠሉ ሁሉ ውኃ ነው። ድኩላ አየንና ተራው የእኔ ስለነበር አጎረስኩ። ሳልተኩስ አመለጠን። ሽፈራው ከፊት ቅርንጫፍ እየገለጠ ይሄድ ነበር። ዞር ብሎ «መዶሻውን አውርደው እንጂ፣ እንዲህ ይዘህ ልትሄድ ነው?» አለኝ። ላወርደው ስል እጄ እርጥብ ነበር። አመለጠኝ። ሦስት እርምጃ ብንራራቅ ነው። ጥይቱ ደረቱን አገኘው።

ወዲያው አልሞተም፣ ሐረገወይን። ራሱን ጭኔ ላይ አድርጌ ስጮህ እጄን ያዘኝና «አይዞህ» አለኝ። የሚሞተው እሱ፣ አይዞህ የሚባለው እኔ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

ከዚያ ያደረግሁትን መጻፍ ከሁሉ ይከብደኛል። ጠብመንጃውን እጁ ሥር አስቀመጥኩ። ሮጬ ሄጄ «ጅግራ ላነሣ ወደ ኋላ ቀርቼ ተኩስ ሰማሁ» አልኩ። ራሱን ገደለ አላልኩም። በዚያው ሳምንት ከአባትሽ ጋር ተጣልቶ እንደነበር አገር ያውቅ ነበርና ሰዉ ራሱ ደመደመው። እኔ ዝም አልኩ። ካህናቱ «ራሱን ላጠፋ ፍትሐት የለም» ሲሉም ዝም አልኩ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ሲቀበር አፈር ካለበሱት አንዱ እኔ ነኝ። አባትሽ «ልጄን ቁጣዬ ገደለው» እያሉ ሞቱ። እኔ ለቅሶ ደረስኩ።

ስደተኛ ሆኜ ስመጣ ጄኔቭ ዳር፣ ኦኔ ባለው ቤትሽ ስምንት ወር አስቀመጥሽኝ። ሳሎንሽ ውስጥ ተኛሁ፣ ወረቀቴን ይዘሽ ከቢሮ ቢሮ ዞርሽልኝ። አንድ እሑድ ሐይቁ ዳር ተቀምጠን «ጋሼ ቢረሳው፣ እውነት ያን ቀን ምንም አላለህም? አንድ ቃል እንኳ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። «ምንም» አልኩሽ። አንቺ ቀና ብለሽ ጀልባዎቹን አየሽ እንጂ አላለቀስሽም። ብታለቅሺ ይሻለኝ ነበር።

ፈርቼ ነው። መጀመሪያ አባትሽን፣ ቀጥሎ ሕግን፣ ከዚያ በኋላ አንቺን ማጣትን። በየዓመቱ ስሙን ለቄስ ሳትሰጪ ጧፍ ስታበሪለት ከጎንሽ ቆሜ እያየሁ፣ በፍርሃት ኖርኩ።

ኤዶም ታሪኩን ሰምታ አላቀፈችኝም፣ አልተቆጣችኝም። «ፓፓ፣ ለእኔ ለምን ትነግረኛለህ? ለእሷ ንገራት» አለችኝ። ከዚያ ተነሥታ ሁለተኛውን፣ መጠበቂያ ያለውን ጠብመንጃ መረጠች። ባለሱቁ እንዴት እንደሚቆለፍ ሲያሳዩዋት አጠገቧ ቆሜ ሦስት ጊዜ አስደገምኳት። 

ይቅር በይኝ ለማለት አፍ የለኝም። ባትይኝም አልፈርድብሽም። የምመጣው ለሽፈራው ነው። በሚመጣው እሑድ ጄኔቭ እገኛለሁ። ከቅዳሴ በኋላ አባ ፊት ቆሜ ይህንኑ በአፌ እናገራለሁ፤ ማን ቢሰማ ግድ የለኝም። ፍትሐቱ እንዲደረግለት እለምናለሁ። ከእኔ ጋር መቆም አይጠበቅብሽም። በርሽንም አላንኳኳም።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። አባ የክርስትና ስሙን ይጠይቁኛል። ያን ያህል ዘመን ጓደኛዬ ነበር፣ እኔ ግን አላውቀውም። አሁን በሕይወት ካለው ሰው የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። ለእኔ መንገር ከከበደሽ በቁራጭ ወረቀት ጽፈሽ ለአባ ስጫቸው። ከሃምሳ ዓመት በኋላ በስሙ ይጠራ።

ቢረሳው
አድሊስቪል