ሁሉን እሺ ባዩ ሮቦትና የእማዬ ጣት

ለምወድሽና ለምሳሳልሽ ታላቅ እህቴ ለኤደልሚራ፣

እንደምን ከርመሻል? የዚያ አገር ነፋስ እንዴት አድርጎሻል? ጉልበትሽስ ተሻለው ወይስ ዛሬም ስትነሺ እንደ አሮጌ መቅዘፊያ ይንቋቋል? ባልሽ ባልዶቪኖ ጤናው እንዴት ነው? ልጅሽ ያኒራስ በቁመት በለጠችሽ ወይስ ገና ትለካካላችሁ? እኔ ከአንዲት ቀላል ጉንፋን በቀር ምንም አልሆንኩም። እማዬም ደህና ናት፤ ድንቿን ኮትኩታ ጨርሳ አሁን የጎረቤቶቿን ማሳ እየዞረች ትተቻለች።

እዚያ የበግ እርሻ ላይ ስልክ የሚሠራው ኮረብታው ጫፍ ሲወጡ ብቻ ነው ብለሽኛል። የምታበስዪላቸው የበግ ሸላቾች ወጥ እያረረ አንቺን ኮረብታ ላይ ማቆም ደግሞ ነውር ነው። ስለዚህ ወሬዬን በወረቀት ልዘርግፈው። ቁጭ በይና አንብቢው፤ ረጅም ነው፤ መቼም ታውቂኛለሽ።

ከሳልሞን ፋብሪካው መውጣቴን ሰምተሻል። አሁን ምን እንደምሠራ በስልክ ላስረዳሽ ስል ግን መስመሩ ተቆረጠና "ጣት ታስተምሪያለሽ?" ብለሽ እየሳቅሽ ቀረሽ። እውነትሽን ነው፤ ጣት ነው የማስተምረው። የዶን አርቴሚዮ ጀልባ ከዚህ ከካስትሮ ወደ ደሴቶቹ እንደምትመላለስ ታውቂያለሽ። ከዚህ በጋ ጀምሮ ትኬቷ በኢንተርኔት ይሸጣል። ድረ ገጹን የሚሠራው የእኛ ቢሮ ነው፤ ከሚስማርና ቆርቆሮ መሸጫው በላይ ያለችው ጠባብ ፎቅ። ሰው ሳይጠቀምበት በፊት መፈተሽ አለበት። ቀኑን ሙሉ አንድ ሰው ተቀምጦ ከሚጫን፣ ሮቦት ይጫናል። ሮቦት ስልሽ እጅና እግር ያለው እንዳይመስልሽ። እኔ የምጽፍለት ትእዛዝ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ገጹን ራሱ ይከፍታል፣ ደሴቷን ይመርጣል፣ ቀኑን ይመርጣል፣ "ግዛ" የሚለውን ቁልፍ ይጫናል። ከተሳካለት አረንጓዴ ይበራል፤ ካልተሳካለት ቀይ። መጀመሪያ ቀን ማንም ሳይነካው ሲንቀሳቀስ ሳየው አማተብኩ።

አለቃዬ ማይቴን ትባላለች፤ መሐንዲስ ናት፣ በዕድሜ ልጄ ትሆናለች። የሙከራ ጊዜዬ በኖቬምበር መጨረሻ እንደሚያበቃ ስታስታውሰኝ ዓይኔን ማየት ከብዷት ነበር። "እትዬ ኦርፌሊና፣ እኔ እርስዎን ማስቀረት እፈልጋለሁ። ዶን አርቴሚዮ ሥራውን ካልተረከቡን ግን ደመወዝ የምከፍልበት የለኝም" አለችኝ። ትርጉሙ ገባሽ አይደል? ተመልሼ ወደ በረዶው፣ ወደ ጎማ ጓንቱ፣ ወደ ዓሣው አንጀት።

ታዲያ ሮቦቴ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ቀይ! ደግሞ ቀይ! "ቁልፉን ልጫን ስል ሌላ ነገር ተጫንኩ" ይላል። እኔ በራሴ እጅ ስሞክረው ቁልፉ ቁጭ ብሏል፣ ይሠራል። ገጹን የሚገነባው ኡሊሴስ፣ ያ ቀልደኛ፣ "እትዬ ኦርፌሊና፣ ሮቦትዎ እንደ አማቴ ነው፤ በሩ ሳይከፈትለት ዘው ይላል" አለኝ። ሲቀልድ እውነቱን ተናገረው። ገጹ ሲከፈት የወደቡ የአየር ሁኔታ ማስታወቂያ ከላይ እየተንሸራተተ ይወርድና በቁልፉ ላይ አልፎ ቦታውን ይይዛል። የሰው ጣት እስኪደርስ ነገሩ ይረጋጋል። ሮቦቱ ግን ከዓይን ጥቅሻ ይፈጥናልና ማስታወቂያው ገና በማለፍ ላይ ሳለ ይጫናል። ይኸኔ አባባ ትዝ አለኝ። "ጀልባው ሳይታሰር አትዝለሉ" እያለ ሲጮህ፣ አንቺ በቁርባንሽ ነጭ ጫማ ዘልለሽ ባሕር ውስጥ የገባሽው! እኔም ሮቦቱን፣ ገጹ እስኪረጋጋና ቁልፉ ላይ ያለው ሁሉ እስኪነሳ ጠብቅ፣ ከዚያ ተጫን አልኩት። አረንጓዴ።

ደስታዬን ሳልጨርስ ሌላ መጣ። ከገጹ መሃል አንድ የጽሑፍ ሳጥን ብቅ ይላል፤ "እሺ" እና "አይ" የሚሉ ሁለት ቁልፎች አሉት። መልስ እስኪያገኝ ድረስ ከበስተኋላው ያለው ነገር ሁሉ ደርቆ ይቆማል። ሮቦቱ ምን እንደሚመልስ አያውቅምና እንደ ግትር በቅሎ ይገተራል። ኡሊሴስ ቀና ብሎም ሳያይ "የወደቡ ነው፤ እሺ ይበሉትና ይለፍ" አለ። እኔም ሌላ ነገር ይሆናል ብዬ አልጠረጠርኩም። አንቺ ራስሽ ታውቂው የለ? እዚህ ግማሹን ዓመት "ወደቡ በነፋስ ምክንያት ሊዘጋ ይችላል" እየተባልን ነው የምንኖረው። ማን ያነበዋል? እሺ ብለን እናልፋለን። ሮቦቱንም ብቅ ያለውን ሳጥን ሁሉ እሺ በል ብዬ አስተማርኩት። ከዚያማ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ሆነ! አጨበጨብን፣ ኡሊሴስ ከታች ትኩስ ሚልካኦ፣ የድንች ቂጣ፣ ገዝቶ መጣ፣ እጃችን ቅባት እስኪሆን በላን።

እሑድ በኩራት ተነፍቼ ወደ ቼሊን ደሴት ተሻገርኩ፤ እማዬ ቤት። የመለማመጃውን ገጽ በስልኳ ከፈትኩላትና "ትኬት ግዢ እስቲ" አልኳት። እማዬ ወደብ ላይ ቆማ ቦታ መለመን እንደምትጠላ ታውቂያለሽ። ስንት ዓመት አንቺ ዘንድ እንድትመጣ ለምነናት "ቦታዬን ራሴ ካልያዝኩ ከደሴቴ አልወጣም" የምትለው ለዚሁ ነው። መነጽሯን አደረገች። የስልኳ ፊደል እንደ ዶሮ እንቁላል ትልልቅ ነው። ተጫነች። ምንም የለም። ደግማ ተጫነች። "አንቺ ልጅ፣ ይሄ ቁልፍ ሞቷል" አለች። በደንብ ጫኚው ብላት "ዕድሜ ልኬን ላም ያለብኩበት ጣት ነው፤ መጫን አታስተምሪኝ!" አለችና ስልኩን ምድጃው አጠገብ ወርውራው ድንቿን መላጥ ጀመረች። ፊቷን አየሁት። የተቆጣች ትመስል ነበር፤ እውነቱ ግን ዓለም በሩን የዘጋባት መስሏት ነው።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ስመለስ ጀልባው ላይ ዝም ልል አስቤ ነበር። ወሩ ሊያልቅ ነው፣ ሁሉም አረንጓዴ ነው፣ ማን ያውቃል? ነገር ግን እማዬ ትኬት መግዛት ካልቻለች ጀልባዋ የማን ናት? ሰኞ ጠዋት ለማይቴን ነገርኳት። አልተቆጣችም። እርሳሷን እያኘከች ቆየችና "የሮቦቱ ስክሪን እንደ ጠረጴዛ ሰፊ ነው፤ የእናትዎ ስልክ ግን እንደ መዳፍ ናት። የደሴቱን ሰዎች ስልኮች ሁሉ ማየት አለብን። ደቦ እንጥራ" አለች።

ጠራን! የአጎታችንን የእንጨት ቤት ከነጣሪያው በበሬ ጎትተን ወደ ባሕሩ ዳር ያወረድንበትን ቀን ታስታውሻለሽ? እንደዚያ ነበር፤ የደሴቱ ሰው በገመድ ፋንታ ስልክ ይዞ እማዬ ቤት መጣ እንጂ። እማዬ ዶሮዎቿን አርዳ ትልቁን ድስት ጣደች። ጎረቤታችን ዶን ትራንሲቶ የተሰነጠቀች ስልካቸውን በላስቲክ አስረው ከሚስታቸው ጋር ከሁሉ ቀድመው ደረሱ። ማይቴን በጭቃው ጫማዋ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ስልክ በስልክ ታያለች። ፊደላቸው ትንሽ የሆነ ያልፋሉ፤ ፊደላቸውን ያተለቁት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ግን ሁሉም ቆሙ። ለካ ፊደሉ ሲያድግ ያ የወደብ ማስታወቂያ አብሮ ያብጥና ቁልፉ ላይ ይተኛበታል፤ መዝጊያ ምልክቱም ከስክሪኑ ጠርዝ ውጭ ተገፍቶ ይወድቃል። ማይቴን "እማማ፣ ቁልፉ አልሞተም፤ ተቀብሮ ነው" ብትላት፣ እማዬ ማንኪያዋን ወደ እኔ ቀስራ "የሞተና የተቀበረ ልዩነቱ ምንድን ነው?" አለች። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

ማይቴን ፊደሉን ለጊዜው አሳንሳ ስልኩን መለሰችላት። እማዬ ተጫነች፤ ያ ሳጥን ብቅ አለ። ሁላችንም በአንድ ድምፅ "የወደቡ ነው፣ እሺ በይው!" አልን። እማዬ "ዝም በሉ፣ ላንብበው" አለች። ታውቂያት የለ፣ ቃል በቃል ነው የምታነበው። "በመረጡት... ቅዳሜ... ቦታ የለም። ወደ... ሐሙስ... ላዛውርዎ?" ወዲያው ዶን ትራንሲቶ "እኔ እኮ እሺ ብዬዋለሁ!" ሲሉ፣ ሚስታቸው "ሐሙስ ደግሞ የት ልትሄድ ነው፣ አንተ ሰውዬ?" ብላ ጮኸችባቸው። ያለፉት ሁሉ እሺ ብለው ነበር። ሮቦታችንም እንደዚሁ! ቅዳሜን የሞላውም ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ራሱ ነው። በየሙከራው ቦታ እየገዛ፣ የያዘውን ሳይለቅ፣ ጀልባዋን ሞልቷት ከዚያ ወዲያ በሐሙስ ሲሳፈር ከርሟል፤ እኛ ደግሞ አጨብጭበንለታል። ማይቴን ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና እስክታነባ ሳቀች። እኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አንዱ ዶሮ አቀበለኝ፤ በላሁት።

ካስትሮ ተመልሰን ሁሉን እንደገና ጀመርን። የሮቦቱን ስክሪን እንደ እማዬ ስልክ አጠበብኩ፣ ፊደሉን አተለቅሁ። ሳጥን ብቅ ሲል መጀመሪያ ጽሑፉን አንብብ፣ የማታውቀው ከሆነ እሺ አትበል፣ ቀይ ሁን አልኩት። ገዝቶ ሲጨርስ ትኬቱ ላይ ያለውን ቀን እንዲያይ፣ የያዘውንም ቦታ እንዲለቅ አደረግኩ። ስናስነሳው ወዲያው ቀይ ሆነ። እንደዚያን ቀን ቀይ ወድጄ አላውቅም! ኡሊሴስ "ለመጀመሪያ ጊዜ ዋሸሁ ብሎ አመነ" አለ። ከዚያ ማስታወቂያውን ከቁልፉ ላይ አንስቶ ጥጉን አስያዘው፤ ሮቦቱም በሐቅ አረንጓዴ ሆነ።

በመጨረሻው ቀን ዶን አርቴሚዮ መጡ፤ ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ። የራሳቸውን ስልክ አወጡ። ፊደሉ ከእማዬም ይበልጣል! ማይቴን ከጠረጴዛው ሥር እጄን ጨበጠችኝ። ማስታወቂያውን በአውራ ጣታቸው ዘጉ፣ ቅዳሜን መረጡ፣ ተጫኑ። ሄደ። ስልኩን ወደ ኪሳቸው መለሱና "መርከበኛ ይሆናል ይሄ ነገር" አሉ። ተረከቡን ማለት ነው! ማይቴን ወደ እኔ ዞራ "እትዬ ኦርፌሊና፣ ሰኞ እንዳያረፍዱ" አለችኝ። እልል ስል የሚስማር ሻጮቹ እሳት የተነሣ መስሏቸው ባልዲ ይዘው ወጡ።

አሁን ዋናው ወሬ። ትናንት ገጹ ለሕዝብ ሲከፈት እማዬ ቤት ነበርኩ። የመጀመሪያዋ ገዢ እሷ ካልሆነች ሞቼ እገኛለሁ አለች። እኔ ዘንድ ልትመጣ መስሎኝ አልጋ አነጥፍልሻለሁ ስላት "ካስትሮ ማደሪያዬ ናት፤ መንገዴ ወደ ኤደልሚራ ነው" አትለኝም! አዎ እህቴ፣ ወደ አንቺ ነው! ቅዳሜ አሥራ ስድስት ከቼሊን ትነሳለች፤ እኔ ፖርቶ ሞንት ድረስ እሸኛትና በትልቁ መርከብ ወደ ደቡብ፣ ወደ እናንተ ትወርዳለች። ስትገዛ ሳጥኑ ብቅ አለ። እኔና ጎረቤቶቹ በልማዳችን "እሺ በይው!" ብለን ጮኽን። እሷ መነጽሯን አስተካክላ አነበበችው። "የመመለሻ ትኬትም ይፈልጋሉ?" ይላል። ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ በዚያ ላም ባለበችበት ጣቷ "አይ" የሚለውን ተጫነች። "ኤደልሚራ እስክትጠግበኝ ነው የምቀመጠው" አለች። ስለዚህ ምድጃው አጠገብ ያለውን አልጋ አዘጋጂላት፤ ድንች ራሷ ትይዛለች፣ እንዳትከለክያት።

ይህን የሚያደርስልሽ ሄርናልዶ ነው፤ የጭነት መኪናው ነገ ይነሳል፤ ምሳ አብዪው። ለባልዶቪኖ ከነውሾቹ ሰላምታዬ ይድረሰው። ያኒራን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ፤ የአያቷን ስልክ ፊደል ማሳነስ እንደማይቻል አስቀድመሽ ንገሪያት። ሸላቾቹንም፣ ያን ጊታር የሚመታውንም፣ ሰላም በይልኝ። ዶን ትራንሲቶና ሚስታቸው ናፍቀውሻል፤ ማይቴንና ኡሊሴስም ሳያውቁሽ ሰላም ብለውሻል። አንቺን ግን እኔ ራሴ በእማዬ እጅ እቅፍ አድርጌሻለሁ።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ
ኦርፌሊና

ካስትሮ፣ ቺሎዌ ደሴት፣ ቺሊ
እሑድ፣ ዲሴምበር 3 ቀን 2023