ወደ ግራ የዞረ መሪ

ኅዳር 6

ዛሬም እንቁላል ሳደርስ ዋልኩ። መሪው እንደተጣመመ ነው። መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ጎማው ቀጥ ያለ፣ መሪው ግን እንዳኮረፈ ሰው ፊቱን ወደ ግራ አዙሯል። ቀጥ አድርጌ ስይዘው ፒክአፑ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ስለዚህ አጣምሜ እይዘዋለሁ። ትከሻዬን ያመኛል...

ባሌ መካኒክ ነው። ይህን ስጽፍ ሳቄ መጣ። የሰው መኪና ሁሉ ከእሱ ጋራዥ ተስተካክሎ ይወጣል፣ ሚስቱ በጠማማ መሪ ትነዳለች። ነሐሴ ላይ መሪውን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ዘንግ ተበልቶ እሱ ራሱ ቀየረልኝ። ከዚያ ወዲህ ነው የተጣመመው። "ነገ አየዋለሁ" ይላል። ነገ እስካሁን አልመጣም።

ኅዳር 8

ዳቦ ቤቱ እንቁላል ይዤ በጓሮ በር ገባሁ። ከምድጃው ሥር ሁለት እግር ወጥቷል። ጫማውን አወቅኩት። የገዛሁለት እኔ ነኝ።

"ምን ልታደርጊ መጣሽ?" አለኝ ከሥር ብቅ ብሎ።

"እኔ? በየሳምንቱ እንቁላል አመጣለሁ እኮ። አንተስ?" አልኩት።

ባለ ዳቦ ቤቷ ሳቀች። "ምድጃው እምቢ ብሎኝ ነው። ባልሽ ባይደርስልኝ ዛሬ ሰፈሩ ዳቦ አይበላም ነበር።"

ሻይ ቀርቦለታል። አጠገቡ ብስኩት፣ ያውም በሰሃን። የመኪና መካኒክን ከምድጃ ጋር ምን አገናኘው? መኪናዋን ሠራላት፤ ይሁን፣ ሥራው ነው። ከዚያ የበሯን ማጠፊያ። አሁን ምድጃ። ነገ ጥርሷን ቢያማትስ?

ክንዷ ላይ ዱቄት ነበረ። ያምርባታል። እዚህ ደብተር ላይ እንኳ ካልዋሸሁ...

ኅዳር 9

"መሪዬስ?" አልኩት። "ነገ" አለኝ።

ኅዳር 12

እህቴ ደወለች። ዙሪያ ጥምጥም ሄደች፣ ስለ ልጆቿ፣ ስለ ጉንፋኗ። በመጨረሻ፣ "ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው" አለችኝ። "ሰው ያወራል ብዬ አይደለም... ግን ሰው ያወራል።"

"ምን ይላል?"

"ባልሽ ከዳቦ ቤቷ ደጅ አይጠፋም ይላል።"

ስልኩን ዘግቼ ሸሚዙን ከቆሻሻ ልብስ መሃል አወጣሁ። አሸተትኩት። ዘይት... እና ቫኒላ። ከተጋባን ጀምሮ ቤንዚን ቤንዚን ሲሸተኝ የኖረ ሰው! ሸሚዙን ሁለት ጊዜ አጠብኩት። ምን አጥቤ ምን ላስለቅቅ?

ኅዳር 15

የማይደረግ ነገር አደረግኩ። ፒክአፑን ጺማሙ ጋ ወሰድኩት።

ጺማሙና ባሌ ድሮ አንድ ጋራዥ ነበራቸው። ተጣልተው ተለያዩ። አሁን ጺማሙ ከመንገዱ ማዶ ነው፣ ስሙ እቤታችን አይነሳም። እያወቅኩ ነው የሄድኩት። እንዳያመልጠው ብዬ ደግሞ በባሌ ጋራዥ በር ፊት ቀስ ብዬ አለፍኩ።

"ባልሽ ሞተ እንዴ?" አለኝ ጺማሙ።

"አለ። ምድጃ እየጠገነ ነው።"

ጺሙን እያሻሸ ሳቀ። በክሪክ አንስቶ ከሥር ገባ። ብዙም አልቆየም።

"እህት ዓለም፣ የአንዱን ጎን ዘንግ ብቻ አስተካክሎ ሌላውን ትቶታል። የሠራው ሰው ቸኩሎ ነበር።"

"መሪውን ነቅሎ ቀጥ አድርጎ መመለስ አይቻልም?"

"ይቻላል። ለዓይን ቀጥ ይላል። ሥሩ ግን እንደተዛባ ይቀራል። አንዱን ጎን ማሳጠር፣ ሌላውን በዚያው ልክ ማስረዘም ነው የሚያዋጣው።"

ቸኩሎ ነበር... የት ሊሄድ? ትዝ አለኝ። ያን ቀን ስልኩ ጮኸ፣ የባለ ዳቦ ቤቷ መኪና መንገድ ላይ ቆማባት። "መጣሁ" ብሎ ከእኔ ፒክአፕ ሥር ወጥቶ ሄደ። ከዚያ ተመልሶ መጣና፣ "በቃ አልቋል፣ ንጂው" አለኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ትርፍራፊዋን ስነዳ ነው የከረምኩት።

ይህን እያሰብኩ ባሌ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ገባ። ማንንም ሰላም አላለም።

"የመኪናውን ቁልፍ ስጪኝ።"

"ወንድሜ፣ ገና አልነካሁትም" አለ ጺማሙ።

"ቁልፉን አልኩ።"

ሰጠሁት። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሲነሳ መሪውን ቀጥ አደረገ፤ ፒክአፑ ወደ እግረኛው መንገድ አለ። ደንግጦ መለሰው። አጣሞ ያዘ። ጥቂት እንደሄድን...

"እንደዚህ ነው የምትነጂው?"

"እንደዚህ ነው።"

"እንቁላል ጭነሽ?"

"እንቁላል ጭኜ።"

ከዚያ ቤት እስክንደርስ አጣሞ ነዳ። ጆሮው ቀልቶ ነበር። ደስ አለኝ። ክፉ ነኝ መሰለኝ። እሱም ይቅመሳት።

ኅዳር 16

ቁርስ ላይ፣ "ከጋራዥ ሁሉ እሱ ጋ?" አለ።

"ከዳቦ ቤት ሁሉ እሷ ጋ?" አልኩት።

ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ። ቅናት እሱንም እንደሚይዘው አላውቅም ነበር።

ኅዳር 18፣ እሑድ

ጠዋት ከግቢው የብረት ድምፅ ሰማሁ። ፒክአፑን አንስቶ፣ ቱታውን ለብሶ ከሥር ገብቷል።

"ነይ ግቢና መሪውን ያዢልኝ" አለ። "ቀጥ አድርገሽ። እንዳይነቃነቅ።"

ገባሁ። ያዝኩ። ድምፁ ከወለሉ ሥር ይመጣል፣ ፊቱ አይታየኝም። ፊቱ አለመታየቱ ሳይሆን አይቀርም ያደፋፈረኝ።

"ስለ እሷ ንገረኝ" አልኩ።

የመፍቻው ድምፅ ቆመ።

"ምን ልንገርሽ... እዚያ ስሄድ እንግዳ ነኝ። ሻይ ይቀርብልኛል። እጅህ ይባረክ እባላለሁ። ቤት ስመጣ የተበላሸ ነገር ይጠብቀኛል።"

"እኔም ከተበላሹት ነኝ?"

መፍቻውን አነሳና፣ "ዳዶውን ላጥብቅ ነው፣ መሪውን እንዳትለቂ" አለኝ።

አልለቀቅኩም።

"ልብህ ሄዷል?"

"ሄዶ ነበር" አለ። "እስከ በሩ። አልገባም።"

እስከ በሩ... ምን ማለት ነው እስከ በሩ? ወርጄ መሄድ እችል ነበር። መሪውን ብለቀው ደግሞ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። ተቀምጬ አለቀስኩ፣ ድምፅ ሳላሰማ፣ በሁለት እጄ ይዤ። እንባዬን የምጠርግበት እጅ እንኳ አልነበረኝም።

"ትከሻሽን ያምሽ ነበር?" አለ ከሥር።

"አዎ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ስለ መሪው ነግሬህ የለ?"

ወደ ሌላው ጎን ተሳበ። እዚያ ብዙ ቆየ። ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል። አቧራ ነው አለ። ይሁን፣ አቧራ ነው።

ነድቼ ሞከርኩት። ትንሽ ይቀረዋል። ደግሞ ከሥር ገባ። ደግሞ ያዝኩ። ፀሐይ አናታችን ላይ ስትደርስ ቀጥ አለ። "ጎማው እንዳይበላ አላይመንቱን፣ የጎማውን አቀማመጥ፣ በመሣሪያ እናስለካው" አለ። መሣሪያው ያለው ጺማሙ ጋ ብቻ ነው። ሁለታችንም እናውቃለን። ማንም ስሙን አልጠራም።

ኅዳር 20

ጺማሙ ጋ ወሰደው። እሱ ራሱ! ምን እንደተባባሉ አልነገረኝም። "ልክ ነው፣ ምንም አልጎደለውም አለኝ" ብቻ አለ፣ እንደተመረቀ ልጅ ደረቱን ነፍቶ።

ኅዳር 22

ዳቦ ቤት። ባለ ዳቦ ቤቷ እንቁላሉን ስትቀበለኝ፣ "ባልሽ ስልክ አያነሳም፣ ለምድጃው ሌላ ሰው ፈለግኩ" አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "እድለኛ ነሽ" አለችኝ።

ብቻዋን ናት። ከምድጃ ጋር ታግላ የምታድር ሴት። ለመጀመሪያ ጊዜ አዘንኩላት... ወዲያው ደግሞ የከንፈሯን ቀለም አይቼ ተውኩት። ሁለቱም እውነት ነው።

ኅዳር 29

ዛሬ ጋራዡን ዘግቶ፣ "አብሬሽ ልምጣ" አለኝ። ለምን? "ሥራሽን አይቼው አላውቅም።"

ትሪውን ተሸከመ፣ በር ከፈተ፣ ባለ ሱቆቹ ሁሉ እኔን በቁልምጫ ሲጠሩኝ ሰምቶ ተገረመ። ዳቦ ቤቱም አብረን ገባን። ዓይኑን ተከታተልኩ። ሰላም አላት፣ እንቁላሉን አስቀመጠ፣ ወጣ። ቢሆንም ወጋኝ። ገና ይወጋኛል። መቼ እንደሚተወኝ አላውቅም።

ስንመለስ እኔ ነዳሁ። ሌላ ሰው ሲነዳ እግሩ አያርፍም ነበር፤ ፍሬን ያለ ይመስል ወለሉን ይረግጣል፣ "ቀስ፣ ቀስ" ይላል። ዛሬ ገና ከዋናው መንገድ ሳንወጣ አንገቱ ወደ መስኮቱ ዘመመ። ተኛ። አፉን ከፍቶ፣ እጁን ጭኑ ላይ ጥሎ።

ወደ ቤት የሚያስገባውን መታጠፊያ አለፍኩት። እንዳይነቃ ትንሽ ልዙር ብዬ።