በቲነር ያበጠው ሬዚንና ባልሽ

ለውድ እህቴ ለየኔነሽ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ? እማማን ጉልበቷን ተሻላት ወይ? እኔ ከሙቀቱ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ፖስታውን ሁለት ጊዜ በሙጫ ለጥፌዋለሁ። ጠርዙ ተነካክቶ ካገኘሽው ያመጣው ሰው አንብቦታልና ቁርጡን አስጽፊልኝ።

ባለፈው ባልሽ ወልደሥላሴ ሌባ ሆነ ብዬሽ ነበር። የአሁኑም ደብዳቤ ስለዚያው ነው።

በውሃ ማጣሪያ መሥሪያችን ሬዚን የሚባል፣ እንደ ጤፍ የደቀቀ የፕላስቲክ ፍሬ አለ፤ ዋጋው አይቀመስም። ስናጥበው የኖርነው በውሃ ነበር። በሰኔ አሠሪያችን ኦስማን ቅባቱ እንዲለቅ በቀለም ማቅጠኛው በቲነር ዘፍዝፉት አለን። እኔም አገር ቤት የጎተራ እህል ላይ ምልክት እንደምናደርገው፣ ፍሬው የደረሰበትን ጠርሙሱ ላይ አሰመርኩ። ጠዋት ሳየው ከመስመሩ ሦስት ጣት አልፏል። ሌላ ሰው ተረፈ ብሎ ደስ ይለው ይሆናል፤ የእኔ ደም ግን ፈላ። እህል ሰርቆ ገለባ የሚቀላቅል ሌባ ስንት አይተናል! ደህናውን ወስዶ ርካሹን ሲሞላ አብዝቶት ነው አልኩ። ቁልፍ ያለን ደግሞ እኔና ባልሽ ብቻ ነን። ለኦስማን ነገርኩት፤ እሱም ሐራሚ፣ በእኛ ሌባ ማለት ነው፣ ብሎ ሰድቦ አባረረው። ወልደሥላሴ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። እኔ ይህንኑ እንደማመን ቆጠርኩበት።

እሱ ከሄደ በኋላም ጠርሙሱ ሞልቶ አደረ። አሁን ደግሞ ዘበኛውን ኦመርን ጠረጠርኩ። በመጨረሻ በገዛ እጄ ዘፍዝፌ ከሳጥኔ ቆለፍኩበት፤ ቁልፉንም ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ አሰርኩ። ስከፍተው ፍሬው እንደተነከረ ሽምብራ አብጧል። ለካ ውሃ የማይጠጣው ፍሬ ቲነር ይጠጣል! ሳደርቀው ተመልሶ መስመሩ ላይ ተኛ። የተሰረቀ ነገር አልነበረም፣ የኔነሽ።

ለኦስማን እውነቱን ነገርኩት፤ መልሰህ አምጣው አለኝ። እሁድ እሱ ወደሚኖርበት ሰፈር፣ ጀሪፍ ድረስ ሄድኩ። ወልደሥላሴ ሸክም እየሠራ ትከሻው ተልጧል። በሩን ከፍቶ፣ ሰላምታዬን እንኳ ሳልጨርስ፣ ሁለቱንም ኪሶቹን ገልብጦ አሳየኝ። እግሩ ላይ ወደቅሁ። አነሳኝ፤ ወደ ሥራው ግን አልመለስም አለ። አልፈርድበትም።

እማማን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ለጎረቤታችን ለእትዬ ጸሐይወርቅ፣ ለታናሹ ወንድማችን ለነቢዩም ሰላምታዬ ይድረሳቸው። የፊተኛውን ደብዳቤ ጎረቤት በተሰበሰበበት ያነበበችላችሁ ልጅሽ ኤደን እንደሆነች ሰምቻለሁ። ይህንንም እሷው ታንብበው፤ ጎረቤቱ ሁሉ እንዲሰማ፣ ጮክ ብላ።

ወንድምሽ ጥላዬ
ካርቱም፣ አል-ሳሃፋ
ኅዳር 9 ቀን 2007 ዓ.ም.