የባጃጅህ ክላክስ

ይድረስ ለልጄ ለየሺዋስ፤ ሰላሜ ካለህበት ይድረስህ። እኛ ደኅና ነን፤ ሰቆጣም ዝናቡ ጀምሯል። ይህን ወረቀት ወደ ጅዳ ለምትመለሰው ለማህደር ሰጥቻታለሁ፤ ፈልጋ ትስጥህ።

ለመንገድህ ብለን ለካሤ የሸጥናትን ባጃጅ እሱ ደግሞ ለወልድያ ሰው ሊሸጣት ነው። ቅድሚያውን ለእኔ ሰጥቶኝ እስከ ቀጣዩ ሳምንት ቅዳሜ መልስ ይፈልጋል። ልግዛት ብል አንዱን በሬ መሸጤ ነው፤ ታዲያ በምን አርሳለሁ? ልተዋት ብል ደግሞ፣ ካሤ በደጃችን ሲያልፍ እንደ አንተው ሁለቴ ክላክስ ያደርጋል። እናትህ እስካሁን በር ልትከፍት ትነሣለች። ይህን ድምፅ እንዴት ልንጠቃት?

ስልክህን ስንሞክር አንዲት ሴት በአረብኛ ትመልሳለች። እናትህ ያገባህ መስሏት በአገራችን ቋንቋ በኽምጠኛ ትመርቃታለች፤ "ልጄን አቅርቢልኝ" እያለች ትለምናታለች። ከፋሲካ ወዲህ ሴትዮዋ ያንኑ ቃል ነው የምትደግመው። ማሽን መሆኗን አልነገርኳትም።

እባክህ ልጄ፣ ለመጻፍ አትድከም፤ ሚስኮል ብቻ አድርግልኝ። ሁለቴ ከሆነ ግዛ፣ አንዴ ከሆነ ተው ማለትህ ነው።

እናትህ ጉንጭህን ስማ ሰላም ብላሃለች። ጤናህን አይንሳን።

አንዴም ቢሆን ይበቃኛል።

አባትህ ጸሐዩ