አውቶቡሱ ቀረ፣ እኛ አልቀረንም

ይድረስ ደብሊን ላለኸው ልጄ ሰላምሰገድ፤ የእመቤቴ ጥላ አይለይህ። እኛ ከስቶክሆልም ብርድ በቀር ምንም አልሆንን።

እህትህ ዝማሬ የፊት ጥርሷ ወለቀ። የትምህርት ቤት አውቶቡሷም ቀረ፤ በጀት ጎደለ አሉ። በዚህ ጨለማና በረዶ የስምንት ዓመት ልጅ ብቻዋን ጫካውን አቋርጣ ልትሄድ? እኔ በሕይወት እያለሁ አይሆንም!

ለማኅበራችን ሴቶች ነገርኳቸው። ጽዋው በየቤታችን በተራ እንደሚዞር ሁሉ፣ ልጆቹንም በተራ እናድርስ ተባባልን። አሁን በነጠላችን ላይ የሚያበራ ሰደርያ ደርበን የሀበሻውንም የፈረንጁንም ልጅ ይዘን እንሄዳለን። ዝማሬ መጀመሪያ ‹‹ማማ፣ ታሳፍሪኛለሽ›› ብላ በስዊድንኛ አጉረመረመች፤ ዛሬ ከፊት ካልሆንኩ ብላ ታለቅሳለች።

ርዕሰ መምህሯ በር ላይ ጠብቃ ‹‹የየትኛው ፎሬኒንግ አባላት ናችሁ?›› አለችን። ‹‹የማርያም ማኅበር ነን፤ አውቶቡሱ እስኪመለስ ጠዋት ጠዋት በርሽ ላይ ታገኚናለሽ›› አልኳት።

ጉልበቴን ትንሽ ያመኛል፤ አታስብ። እግዜር የምትረግጠውን ሁሉ ያቅናልህ። አንድ ነገር ላስቸግርህ፦ ለጥምቀት ስትመጣ ወፍራም ጫማ ይዘህ ና። በማኅበር ደንብ ሰው ራቀ ተብሎ ተራው አይዘለልም፤ ሰኞ ያንተ ነው።

እናትህ ፋንታዬ