ለሁለት የተካፈልነው ቅባት

ለናፈቅሽኝ እናቴ፣

ይህ ደብዳቤ እጅሽ እስኪገባ ስንት ቀን እንደሚፈጅበት አላውቅም፤ ብቻ በደረሰበት ሰዓት ጤና ሆነሽ፣ ወንበርሽን ወደ በሩ አዙረሽ ተቀምጠሽ ያግኝሽ። እንዴት ነሽ እማዬ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ አሁንም ሦስተኛው ላይ ቆመሽ ታርፊያለሽ? አባዬን ሳሉ ለቀቀው ወይስ ዛሬም ሐኪም ቤት ሂድ ሲባል ነገ እያለ ነው? የጓሮው በር ተሠራ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ በስልክ እንደምልሽ አይደለም፤ ዛሬ ደህና ያልሆነውንም አብሬ እጽፍልሻለሁ።

ይህን የምታነብልሽ ጩጬ መሆኗን አውቃለሁ። ጩጬ፣ ታናሽ እህቴ፣ አንቺንም ሰላም ብያለሁ፤ ግን መስመር እየዘለልሽ እንዳታነቢ። እማዬ የምትከፋበት ቦታ ሲደርስ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ ማለፍ ልማድሽ ነው። ይሄኛውን እንደ ተጻፈው አንብቢላት።

እማዬ፣ የስልኬ ካሜራ ተሰብሮ አያውቅም። ሁለት ዓመት ሙሉ ተሰበረ ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ፎቶ ላኪ ባልሽኝ ቁጥር የምልክልሽ ከሩቅ የተነሳሁትን፣ ወይም ጀርባዬን ለመስኮት ሰጥቼ ፊቴ የጨለመበትን፣ አንድ ጊዜም የታጠፈ አንሶላ እስከ አገጬ ተሸክሜ የተነሳሁትን ነበር። አክስቴ ልጅቷ አንድ ነገር ደርሶባታል፣ እናንተ ደብቃችሁ ነው እያለች ስታስለቅስሽ እንደ ከረመች ሰምቻለሁ። የደበቅኩሽ ብጉር ነው። ሌላ ምንም አይደለም። ግን ብጉር ስልሽ፣ እቤት እያለሁ በወር አንዴ አፍንጫዬ ላይ ጉብ ትል የነበረችውን እንዳይመስልሽ። ጉንጬን፣ አገጬን፣ አንገቴን ሳይቀር የሞላ፣ መግል የቋጠረ፣ ትራስ ሲነካው የሚያመኝ ነው። በስልክ እንዳልነግርሽ ድምፅሽን ስሰማ ወሬውን ወደ ሌላ አዞራለሁ፤ ለዚህ ነው ወረቀት የያዝኩት።

ሥራዬ ያው ልብስ ማጠቢያ ቤቱ ነው። የሆቴል አንሶላና ፎጣ አጥበን ተኩሰን እናስረክባለን። አንሶላ እንደምታውቂው ለብቻ አይታጠፍም፤ አንዱ ከወዲያ አንዱ ከወዲህ ይይዝና ተጠጋግተው ጫፉን ያቀባበላሉ። ፊቴ እየባሰበት ሲሄድ ከወዲያ የሚይዝልኝ ሰው እየጠፋ መጣ። ይተላለፋል ብለው ይሁን ወይ ማየቱ ከብዷቸው፣ የነገረኝ የለም። አለቃችን ክፉ ሰው አይደለም፤ አንድ ጠዋት አጠገቤ መጥቶ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ ከዛሬ ጀምሮ ፎጣ ብትይዢ ይሻላል አለኝ። ፎጣ ለብቻ ይታጠፋል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀኑን ሙሉ ከግድግዳ ጋር ፊት ለፊት ነኝ፤ አንዳንድ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ የሰማሁት ቃል ‘ጨረስሽ?’ የሚለው ብቻ ይሆናል።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነው አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ የተለጠፈ ወረቀት ያየሁት። ብጉር ላስቸገራቸው ሰዎች አዲስ መድኃኒት እየተጠና ነው፣ ፈቃደኛ የሆነ ይምጣ ይላል። ሄድኩ። ሐኪሙ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው ከአፋቸው የማይወጣ ሰው ናቸው። ከቆዳችን ሥር ቅባት የሚያመነጩ ትንንሽ ዕጢዎች አሉ፣ ያንቺዎቹ ከልክ በላይ እየሠሩ መውጫቸውን ይደፍናሉ ብለው አስረዱኝ። በሰው አገር ከእኔ በላይ የሚሠራ ነገር መገኘቱ አስቆኛል። ሎሚ ቀቢ ብለሽኝ ቀብቼ ፊቴ እንደ ተላጠም ነገርኳቸው፤ እናትሽን ሰላም በይልኝ፣ ሎሚውን ግን ለሻይ ያድርጉት ብለዋል።

ጥናቱ አሥራ ስድስት ሳምንት ነው፤ በየሁለት ሳምንቱ እንሄዳለን። መጀመሪያ ግንባሬ ላይ ስስ ወረቀት ተለጥፎ ግማሽ ሰዓት እቀመጣለሁ፤ ወረቀቱ የጠጣው ቅባት ይታያል። ቀጥሎ ነርሷ ፀጉሬን በጨርቅ አስራ፣ ቁጥር የተጻፈበት ካርድ አገጬ ሥር አስይዛኝ ከፊት፣ ከቀኝ፣ ከግራ ፎቶ ታነሳኛለች። መሳቅ አይፈቀድም፤ ፈገግታ ቆዳ ያጥፋል። በመጨረሻ ሐኪሙ ብጉሬን አንድ በአንድ ይቆጥራሉ። በመጀመሪያው ቀን ዘጠና አንድ ነበር። ሐኪሙ ሲቆጥሩ ነርሷ አገጬን በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ ብርሃኑ ስታዞረው እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። አመመሽ ወይ ብላ ደነገጠች፤ አዎ አልኳት። የሰው እጅ ፊቴን ከነካው ዓመት ከመንፈቅ እንደ ሆነው እንዴት ብዬ ልንገራት?

የሚሰጡን ነጭ ቱቦ ነው፣ እንደ ጥርስ ሳሙና የሚጨመቅ፣ ቁጥር እንጂ ስም የለውም። ግማሾቻችን የምንወስደው እውነተኛውን መድኃኒት ነው፤ ግማሾቻችን ደግሞ ምንም የሌለበትን ባዶ ቅባት። ማን የትኛውን እንደያዘ እኛም፣ ነርሷም፣ ሐኪሙም አያውቁም፤ ዝርዝሩ ታሽጎ ሌላ ቦታ ተቀምጧል። መድኃኒቱ በእውነት የሚሠራ መሆኑ የሚታወቀው ሁለቱ ወገኖች ሲወዳደሩ ነው። ለሌላ ሰው አላካፍልም ብዬም ፈርሜያለሁ።

በሁለተኛው ቀጠሮ መጠበቂያው ክፍል ውስጥ አንዲት ልጅ ሻሿን እስከ አፍንጫዋ ጠቅልላ ተቀምጣለች። በሩ ሲጢጥ ሲል፣ ኧረ ይሄን በር ዘይት ቀቡት ብላ በቋንቋችን አጉረመረመች። ከኛ ግንባር ቀድተው ይቀቡት አልኳት። እማዬ፣ እንደዚያ የሳቅንበትን ቀን አላስታውስም። ስሟን ከማወቄ በፊት ባለሻሿ ብዬ ስለጠራኋት እስካሁንም ባለሻሿ ናት። የምትሠራው ዳቦ ቤት ነው፣ ከኋላ ክፍል፣ ሰው በማያያት በኩል። ፊትሽ ከጠራ ወደ ፊት ወጥተሽ ሻጭ ትሆኛለሽ ተብላለች።

ነገሩን ማን ቀድማ እንዳነሳችው እንኳ አላስታውስም፤ እኔ ሳልሆን አልቀርም። አንዳችን መድኃኒቱን፣ አንዳችን ባዶውን ይዘን ከሆነ፣ አንዷ እየዳነች አንዷ ልታያት ነው? ደባልቀን ብንካፈለውስ? አንድ ዳቦ ለአምስት ስትቆርሺ እያየሁ ያደግኩ ነኝና ይሄ ጥፋት ነው ብሎ የነገረኝ ነገር በውስጤ አልነበረም። እሑድ እሑድ ክፍሌ ትመጣለች። ሁለቱን ቱቦ በሙቅ ውሃ ባጠብኩት ሳህን ላይ እንጨምቃለን፣ በማንኪያ እናማስላለን፣ ከማርማላታ በተረፉ ሁለት ብልቃጦች እኩል እንከፍላለን። አንቺ የጥርስ ሳሙና ጅራቱን እየጠቀለልሽ እስከ መጨረሻዋ እንደምታወጪው እኛም ጠብታ አላስቀረንም። ከዚያ ያለንን አቅርበን እንበላለን፣ እስኪመሽ እናወራለን። የአልጋዬን አንሶላም እሷ ከወዲያ ይዛልኝ አጥፈነዋል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከቅባቱ ይልቅ እሑዱ ነው ያዳነኝ።

በስድስተኛው ቀጠሮ ብጉሬ ከዘጠና አንድ ወደ ሃምሳ ሁለት ወርዶ ነበር። የሷም ቀንሷል። ቱቦ ተረክቦ የሚመዝን አንድ ዝምተኛ ሰውዬ አለ፤ የዚያን ዕለት ሚዛኑን እያየ ራሱን ነቀነቀ። ሰው ሁሉ ይረሳል፣ ያንጠባጥባል፣ የተረፈ ይዞ ይመጣል፤ የእናንተ የሁለታችሁ ግን ሁልጊዜ ባዶ፣ ሁልጊዜ እኩል ነው፣ እንዴት ነው የምትቀቡት አለኝ። እንደ ታዘዝኩት አልኩት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ። ሐኪሙ ደግሞ በቁጥሩ ደስ ብሏቸው፣ ይሄን ቁጥር አምነው ነው ነገ ሌሎች ሐኪሞች ለልጆች የሚያዙት አሉኝ። ለልጆች ሲሉ ጩጬ ትዝ አለችኝ። ጩጬም ግንባሯ ላይ ጀምሯታል ብለሽኝ አልነበር? ነገ ሐኪም አምኖ የሚያዝላት ነገር በኔና በባለሻሿ ማንኪያ የተማሰለ ውሸት አለበት ማለት ነው። ለአንቺ የዋሸሁት ካሜራ ሳያንሰኝ።

እሑድ ለባለሻሿ ነገርኳት። የቀረን ሁለት ቀጠሮ ነው፣ ዝም በይ አለች። ብቻዬን ልናገር ብል እንኳ የተካፈልነው ለሁለት ነውና የኔ ጥፋት ያለሷ አይነገርም። ለመነችኝ። የዳቦ ቤቱን ነገር አነሳች። በመጨረሻ፣ ከተናገርሽ ከዚያ ወዲያ አታውቂኝም ብላ ብልቃጧን ይዛ ወጣች። አራት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። በአምስተኛው ሄጄ ተናገርኩ።

ሐኪሙ አልጮኹም፤ ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ጠረጉት። የሁለታችሁ ቁጥር ከጥናቱ ይወጣል፣ ቅባቱም ዛሬ ይቆማል፣ በተለመደው መድኃኒት ግን እዚሁ እናክማችኋለን አሉኝ። የማንኛችን ቱቦ ነው እውነተኛው ብዬ ጠየቅኳቸው። እኔም አላውቅም፣ ሁለታችሁም መድኃኒቱን፣ ወይም ሁለታችሁም ባዶውን ይዛችሁ ሊሆን ይችላል አሉ። እኔ እሷን አድኛት ይሁን እሷ እኔን፣ ወይስ እንዲሁ በእሑዱ ብቻ ቀልሎን፣ አናውቅም።

ነርሷ የመሰናበቻ ፎቶ አነሳችኝ፣ እንደ ወትሮው ከፊት፣ ከቀኝ፣ ከግራ። ካርዱን ካስቀመጠች በኋላ አንድ ጨመረች። አሁን ከጥናቱ ወጥተሻል፣ መሳቅ ትችያለሽ አለችኝ። ሳቄ እሺ አላለም። ቆማ ጠበቀችኝ። የበሩን ዘይት አስታወስኩና መጣልኝ። አትማ ሰጠችኝ።

ባለሻሿ ሦስት እሑድ አልመጣችም። ሐሙስ ዕለት የልብስ ማጠቢያው ተቀባይ፣ አንዲት ልጅ ይሄን ስጪልኝ አለች ብላ ፌስታል አቀበለችኝ። ይዛው የወጣችው የኔ የማርማላታ ብልቃጥ ነው። ታጥቧል፣ ክዳኑ ተገጥሟል፣ ውስጡ ባዶ ነው። አንቺ የጎረቤት ዕቃ ባዶውን መልሰሽ አታውቂም፤ እፍኝ ጨውም ቢሆን ታደርጊበታለሽ። እሷም እንደኔው ያደገች ናት፤ ባዶውን ስትልክልኝ ምን ማለቷ እንደ ሆነ ገብቶኛል። ፎጣው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ ያየኝም የለም፣ ፊቴ ወደ ግድግዳው ነው። ዛሬ ግን ብልቃጡን ስኳር ሞልቼዋለሁ። ይህን ጽፌ ስጨርስ ወደ ዳቦ ቤቱ እሄዳለሁ። በኋላ በር ትውጣልኝ አትውጣልኝ አላውቅም። ባትወጣም ደፉ ላይ አስቀምጬላት እመለሳለሁ።

አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ፤ ሐኪም ቤት ካልሄደ አኩርፌዋለሁ በይው። ታላቅ ወንድሜንና ባለቤቱን፣ ያላየሁትን ሕፃናቸውንም ሰላም በይልኝ። አክስቴን፣ ምንም አልደረሰባትም፣ ብጉር ነው በያት፤ ወሬው ስላነሰባት እንዳይከፋት። ማዶ ያሉትን አሮጊት ጎረቤታችንን እጅ ነስቻለሁ። ጩጬ፣ አንቺ ደግሞ ግንባርሽን አትነካኪ፣ ሎሚም አትቀቢ፣ ሐኪም ጋ ሂጂ፤ የሰጡሽንም ለማንም አታካፍዪ።

አንቺ ደግሞ እማዬ፣ ፖስታው ውስጥ አንድ ፎቶ አለ፤ ይኼኛው ከቅርብ ነው። ብጉሩም አለ፣ ጠባሳውም አለ፣ ጥርሴም ይታያል። እባክሽ መነጽርሽን አድርገሽ ስንት እንደ ሆነ አትቁጠሪ። እዚህ ሲቆጠር ነው የከረመው። ዝም ብለሽ እዪኝ።

የምወድሽ ልጅሽ

ከልብስ ማጠቢያው በላይ ካለችው ክፍሌ
እሑድ፣ ሚያዝያ 12 ቀን