ሁለቱንም ስሞቹን የምታውቂው አንቺ ነሽ

ሐይቅ፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፭ ዓ.ም.

አምባሰል ለምትኖሪው እህቴ፤

እንደምን ከረምሽ? ልጅሽ ስህንስ ደኅና ናት? አዝመራው ያዘላችሁ ወይስ ውርጭ መታው? እኔና ልጆቼ አልሐምዱሊላሂ፣ ደኅና ነን። ይህን የምጽፍልሽ በገዛ እጄ ነው። መሠረተ ትምህርት ስገባ በስተርጅና ፊደል ብለው የሳቁብኝ ጎረቤቶቼ ዛሬ ደብዳቤ አንብቢልን እያሉ ደጄን ይጠናሉ። ፊደሌ ቢንጋደድም ታገሺኝ፤ የምነግርሽን ሌላ ሰው እንዲጽፈው አልፈለግሁም።

መጀመሪያ ቅያሜዬን ላውጣው። ባሌ በሰኔ ሲሞት መርዶው ደርሶሽ ለቅሶ ቀረሽ። ከእኔ በፊት ሚስቱ የነበርሽው አንቺ ነሽ፤ ብትመጪ ማን በር ይዘጋብሽ ነበር? በጣም ተቀይሜሻለሁ። አሁን ግን ቅያሜ የማስታምምበት ጊዜ የለኝም።

የወታደር ጡረታው ለልጆቹ እንዲተላለፍ ደሴ ስመላለስ ከረምኩ። የቀበሌው ማስረጃ ሟቹ ሙዘይን ነው ይላል፤ የጡረታው መዝገብ ደግሞ ወልዴ። ወታደር ሲቀጠር ወልዴ እንደነበር፣ ኋላ እኔን ሲያገባ ሰልሞ ሙዘይን እንደተባለ ለጸሐፊው አስረዳሁት። ልጁ ቅን ነው። እትዬ፣ እኔ አምንሻለሁ፤ ግን ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያስረዱ ሁለት ምስክሮች አምጪ አለኝ። አንዱን የጦር ሜዳ ጓደኛውን ፈንታሁንን አገኘሁ። ሁለተኛ አጣሁ። የሐይቅ ሰው ወልዴ የሚባል አያውቅም፤ የአምባሰል ሰው ደግሞ ሙዘይንን ከየት ያውቀዋል? ወንድሜ ኑርዬ ተይው፣ ጨው ቸርችረሽ ልጆችሽን አሳድጊ ይለኛል። አልተውም! ሰውዬው አንድ እግሩን ኦጋዴን ጥሎ ያገኘውን እኔ ደሴ ላይ ጥዬው አልገባም።

ይህን ሳሰላስል ትዝ አልሽኝ። ያን ሰኞ፣ ገበያ መሀል፣ እኔ ሙዘይን፣ ሙዘይን ብዬ ብጣራ አልሰማ ያለኝ ሰውዬ፣ አንቺ ከኋላው ወልዴ ስትይው በምርኩዙ ተሽከርክሮ ሊወድቅ ነበር። ቅናት አንገበገበኝ። ስንት ዓመት ይዤብሽ ኖርኩ! ዛሬ ያንኑ ደሴ ቆመሽ እንድትመሰክሪልኝ እለምንሻለሁ። ከፈንታሁን ሌላ፣ በዚያ ስም ጠርተሽው፣ በዚህም ስም ከእኔ ጋር ሲኖር ያየሽው አንቺ ብቻ ነሽ።

ያን ቀን ስህን አጠገብሽ ነበረች። ከረሜላ ሲሰጣት እጇን ዘረጋች፤ ትንሿ ጣቷ ወደ ውስጥ የታጠፈች ናት። የሦስቱም ልጆቼ ጣት እንዲሁ ነው፣ ከአባታቸው የወረሱት። አንቺ ፈጠን ብለሽ እጇን ነጠላሽ ውስጥ ከተትሽው። እኔም አየሁ፣ እሱም አየ፤ ቤት ስንገባ ማናችንም አላነሳነው። ሲሞት ለቅሶ ለምን እንደቀረሽም የገባኝ ኋላ ነው፤ ብቻሽን ብትመጪ ልጅቷ ትጠይቅሻለች፣ ይዘሻት ብትመጪ ሰው ያያታል።

አሁን እንደ ልጁ አድርጎ ያሳደጋትም ባልሽ አርፏል፤ አፈር ይቅለለው። የሚቆጣ የለም። የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ስንት ልጅ ትቶ ሞተ ሲለኝ አራት አልኩ። ኑርዬ ጎኔን ጎሸም አደረገኝ፤ አራት ብዬ ደገምኩ። የአራተኛዋን ስም እናቷ መጥታ ታስመዘግባለች ብያቸዋለሁ።

ስለዚህ ለሚመጣው ሰኞ ገበያ ውረጂ፤ ማክሰኞ አብረን ደሴ እንሄዳለን። ቤቴ ታድሪያለሽ። የእኛን ሥጋ እንደማትበዪ አውቃለሁ፤ ከሐይቁ ዓሣ አስወጣለሁ፣ እሱ ለሁለታችንም ይሆናል። ስህንንም ይዘሻት ነይ። እጇን አትሸፍኚባት።

የግሸኗ ማርያም መንገዱን ታቅናልሽ፤ አላህ በሰላም ያገናኘን።

የስህን ወንድሞች እናት